ድምፅ አልባ ሙከራ

ሳይጮኽ «ጮኸ» ተብሎ የተመዘገበ ሳይረን አይተህ ታውቃለህ? አላየህም? እንግዲያው ቡራዩ ና። ከአምቦ መንገድ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች መጨረሻ፣ ከራቢአ ሱቅ ጣሪያ ላይ ቆሟል። አራት የድምፅ ማጉያ ቀንዶች አሉት፣ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፣ ከሥሩ «ለሕይወትዎ እንጠነቀቃለን» የሚል ጽሑፍ አለው። የሌለው ባትሪ ብቻ ነው።

ነሐሴ 12 ቀን ጎርፍ ወንዲ የሚባለውን በያጅ ከነብየዳ ቤቱ ወሰደው። ሳይረኑ ትንፍሽ አላለም። አሁን የማንቂያ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤቱ አንድ ወረቀት አዘጋጅቶ ራቢአን «ፈርሚ» ይላታል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃል በቃል ይህ ነው፦ «እኔ የሳይረኑ ተጠሪ፣ መሣሪያው ደህና መሆኑን በየወሩ በማረጋገጤ ጽሕፈት ቤቱ ሊሳሳት ችሏል።» ከፈረመች የወንዲ ደም በእሷ እጅ ይሆናል። ካልፈረመች ሱቋ እንደታሸገ ይቆያል፣ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ቀነ ገደቡ ጳጉሜን 5 ነው። ዛሬ ጳጉሜን 3 ነው።

እኔ ከሱቁ ጀርባ ካሉት የኪራይ ክፍሎች በአንዱ እኖራለሁ፣ በየጠዋቱ በሚኒባስ አዲስ አበባ ሄጄ አስተምራለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን እጽፋለሁ። ያላዩትን መጻፍ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነው።

ሳይረኑ ለምን እንደመጣ ልንገርህ። ከሁለት ክረምት በፊት ወንዙ ዳር ሦስት ቤት ተጠርጎ ሄደ፤ ሰዎቹ በተአምር ተረፉ። የእኛ ወንዝ ተንኮለኛ ነው። ተራራው ላይ ይዘንባል፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነው፤ ልብስ አስጥተህ ቆመህ ሳለ ውኃው ከነድንጋዩ ይመጣብሃል። ስለዚህ ከላይ ድልድዩ ጋ ተመልካች ተቀመጠ። ውኃው ሲሞላ እሱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ማዕከል ይደውላል፣ ማዕከሉ ቁልፍ ይጫናል፣ ሳይረኑ ይጮኻል፣ ታች ያለው ሰው ይሮጣል። ሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ አለው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ሳልወድ ነው።

የራቢአ ቤት የተመረጠው ባለ አንድ ፎቅ ስለሆነና ሱቁ ቀኑን ሙሉ ሰው ስለማይለየው ነው። ራቢአ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሩዝ፣ ዘይት፣ ሳሙናና የፕላስቲክ ሳፋ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድጋለች። «ለሰፈሩ ከሆነ ጣሪያዬ ምን ገዶት» ብላ ፈቀደች። የሳይረኑን ሳጥን ቁልፍ ሰጧት፣ «ተጠሪ» የሚል ስም ሰጧት። ሌላ የሰጧት ነገር የለም።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ድምፁ ሲነሣ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሰው ከየቤቱ ፈልቶ ወጣ። ፊቱ ላይ ግማሽ የሳሙና አረፋ የቀረው ጎረምሳ፣ ሊጥ በእጇ የያዘች ሴት፣ ሁሉም ሽቅብ ሮጠ። ወንዲ የብየዳ መከላከያውን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ብቅ አለ።

«እትዬ ራቢአ! ቤትሽ አምቡላንስ ወለደ እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ ሩጥ! ሩጡ ነው የሚለው!»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ ነዋ!»

«ወደ ላይማ የአማቴ ቤት ነው። ጎርፉ ይሻለኛል።»

ሚስቱ ዱርሲቱ ከኋላው ደርሳ ጀርባውን በጥፊ አለችው። «እናቴን? ቆይ፣ ዛሬ ራትህን ጎርፉ ይሥራልህ!»

ወዲያው ከቀንዶቹ ውስጥ አንዲት ሴት በአማርኛ «ይህ ሙከራ ነው» አለች፤ አስከትላም በኦሮምኛ «ኩን ያሊዳ»። ሰው ሳቀ፣ ተራገመ፣ ወደየቤቱ ተመለሰ። ግን ሮጦ ነበር። ይህን ልብ በል። ወንዲ እንኳ እየቀለደ ሮጦ ነበር።

በኅዳርና በታኅሣሥም እንዲሁ ሆነ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲደርስ ልጆች ማን ቀድሞ አስፋልቱ ላይ እንደሚደርስ ይወዳደሩ ጀመር። ሰፈሩ ሳያውቀው መዳንን እየተለማመደ ነበር።

ከዚያ አቤቱታ መጣ። ከመንገዱ ማዶ የእንግዳ ማረፊያ የከፈተ ባለሀብት «እንግዶቼ ይደነግጡብኛል» አለ። ስብሰባ ተጠራ፣ የታሸገ ውኃ ታደለ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዮፍታሔ ረጅም ንግግር አደረጉ። ጥር ላይ ደብዳቤ ወጣ፦ «ኅብረተሰቡን አላስፈላጊ ድንጋጤ ውስጥ ላለመክተት ሲባል ወርኃዊው ሙከራ ከእንግዲህ ድምፅ አልባ ሆኖ በስልክ ይከናወናል።»

በስልክ! ጨው በስልክ ይቀመሳል? ቢላዋ በስልክ ይሳላል? ሳይረን ሁለመናው ድምፅ ነው፤ ድምፁን ነሥተህ የምትፈትነው ምኑን ነው? ቀለሙን? ሰውን እንዲያስደነግጥ የተሠራን ነገር ሰው አስደነገጠ ብለው አፉን ዘጉት።

ስልኩን የሚደውለው በሪሁን ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ መዝጋቢ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ትሑት ልጅ ነው። አሥራ አምስት ሳይረኖችን የሚፈትነው በዚያችው ስልኩ ነው። ራቢአ ስልክ የምታወራው ድምፁን ለቃ ስለሆነ፣ የሙከራው አካሄድ ለሰፈሩ ምሥጢር አልነበረም።

«እትዬ ራቢአ፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተ እንዴት ነህ በሪሁን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆች ደህና?»

«ደህና።»

«ሥራ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሳይረኑስ ደህና?»

«ደህና ነው።»

«በሉ መልካም ቀን።»

ይኸው ነው ሙከራው። አለቀ።

አሁን አንተን ልጠይቅህ። እዚህ አገር «ደህና ነህ?» ሲሉህ ምን ትመልሳለህ? ልጅህ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ መጀመሪያ «ደህና፣ ተመስገን» ትላለህ። ክፉ ወሬ በሰላምታ ላይ አይጣልም፤ ነውር ነው። ሰላምታው ያልቃል፣ ሰውዬው አረፍ ይላል፣ «እና እንዴት ከረማችሁ?» ይላል፤ የሆድ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ይህን አቶ ዮፍታሔ ያውቃሉ፤ በሪሁንም ያውቃል። እናቶቻቸው አስተምረዋቸዋል። እያወቁ ነው ሳይረኑን ከልጆቹና ከሥራው ኋላ አሰልፈው በሰላምታ ጭራ ላይ የቀጠሉት። መልሱ ምን እንደሚሆን ሳይጠይቁ ያውቁታልና።

ሚያዝያ ላይ አንድ ፒክአፕ መጣ። ሁለት ሠራተኞች ጣሪያ ላይ ወጥተው የሳይረኑን ባትሪ ፈቱ። ይህ ባትሪ ከሌለ ሳይረኑ ቆርቆሮ ነው፤ መብራቱ ባትሪውን ይሞላል እንጂ ሳይረኑን አያስጮኽም። ራቢአ ከሥር ቆማ ጠየቀቻቸው።

«ወዴት ነው?»

«የአደጋ ዝግጁነት ሳምንት ይከበራል እትዬ። የመድረኩ ድምፅ ማጉያ ባትሪ ያንሰዋል። ነገ እንመልሰዋለን።»

«እሺ፣ ወሰድን የምትል ወረቀት ጻፉልኝ።»

ሠራተኞቹ ተሳሳቁ። «የመንግሥት ዕቃ መንግሥት ሲወስድ ምን ወረቀት አለው? እርስዎ ደግሞ ሱቅ መሰለዎት?»

በዚያ መድረክ ላይ ስለ ዝግጁነት ብዙ ተነገረ ይባላል። ድምፁም ጥርት ብሎ ተሰምቷል ይባላል። ያቺ «ነገ» ግን እስከ ዛሬ አልነጋችም።

የግንቦት ጥሪ ሲመጣ ራቢአ ደንቡን አፈረሰች። «ደህና ነው፣ ግን ባትሪውን...» ስትል በሪሁን «ይመልሱታል እትዬ፣ ይመልሱታል፤ ሌላ መስመር አለብኝ» ብሎ ዘጋው። ሰኔ ላይ ደገመች፤ ደግሞ ዘጋባት። ሐምሌ ላይ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ አለች። ነሐሴ 2 ቀን ሲደውል እኔ ስኳር ልገዛ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ነበር። «ሳይረኑስ ደህና?» ሲል ራቢአ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ፣ እኔን በክንዷ ጎሸም አድርጋ «ከእኔ ይሻላል፣ ደህና ነው» አለችው። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። አፌን ሞልቼ አቶ ዮፍታሔን ስከስ ይህንን ሳቅ ደብቄ አይደለም።

ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 12፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ወንዲ በጄኔሬተር ይበይዳል። ጄኔሬተር የሚያጓራበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጠራህ አትሰማም፤ ከዚያ ጩኸት በላይ እንዲሰማ የተሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ከራቢአ ጣሪያ ላይ ቆሟል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ተመልካቹ ደወለ። ማዕከሉ ቁልፉን ተጫነ። የማዕከሉ ኮምፒውተር በአረንጓዴ «ተልኳል» ብሎ ጻፈ። ደርሶ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም።

ሃያ ደቂቃ። ሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጄኔሬተሩን አጥፍቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በሩን ቆልፎ፣ አማቱን እያማ ሽቅብ መሄድ ይችላል።

መጀመሪያ የሰማሁት የድንጋይ መጋጨት ነው። ስወጣ ራቢአ ፎቁ በረንዳ ላይ ቆማ የፕላስቲክ ሳፋ በዱላ እየደበደበች «ወንዲ! ወንዲ! ሰው!» ትላለች። ያቺ ሴት በዚያች ሰዓት ሳይረን ሆና ነበር። ጩኸቷ ከታች ካለ አናጢ ቤት ሁለት ሠራተኞች አስወጣ። ወንዲን አልደረሰውም። የብየዳ ቤቱ ጣሪያ እንደ ወረቀት ተጣጥፎ ሲሄድ ጄኔሬተሩ ገና ያጓራ ነበር፤ ከዚያ እሱም ዝም አለ። ሬሳው በሁለተኛው ቀን ተገኘ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከጽሕፈት ቤቱ የመጣ ሰው ዱርሲቱ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብሎ «ሳይረኑን ደህና ነው ያለችው ባለሱቋ ናት» አላት። የሞተበትን ሰው ለማጽናናት ይህን ይዘው መጡ! ራቢአ በሦስተኛው ቀን ምግብ ይዛ ስትገባ ዱርሲቱ ፊቷን አዞረችባት። ራቢአ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አልተነጋገሩም። በሳምንቱ ሱቁ ታሸገ።

ትናንት፣ ጳጉሜን 2፣ ጽሕፈት ቤቱ ጠራን። ራቢአ የቢሮ ወረቀት የሚያስረዳት ሰው ስለፈለገች አብሬያት ሄድኩ። አቶ ዮፍታሔ ከጠረጴዛው ኋላ፣ በሪሁን መዝገቡን ታቅፎ ከጎናቸው፤ ዱርሲቱ በ«ተጎጂ ቤተሰብ» ስም ተጠርታ ጥግ ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች።

«ወይዘሮ ራቢአ» አሉ አቶ ዮፍታሔ፣ «ነሐሴ 2 ቀን ስለ ሳይረኑ ተጠይቀው ምን መለሱ?»

«ደህና ነው አልኩ።»

«ሐምሌስ?»

«ደህና ነው አልኩ። ግንቦትና ሰኔ ግን ባትሪው ተወስዷል ብያለሁ። ይኸው እሱ ይመስክር። ሲዘጋብኝ ጊዜ ሰለቸኝ። መሰልቸቴን አልክድም።»

በሪሁን መሬት መሬት አየ። አቶ ዮፍታሔ ፈገግ አሉ። «መዝገቡ እንደዚያ አይልም። ስጣት፣ ራሷ ትየው።»

ይህ ነው ስሕተታቸው። ዕድሜዋን በሱቅ ለጨረሰች ሴት መዝገብ ሰጧት። ራቢአ ጣቷን በምላሷ ነካ አድርጋ ገጹን ገለጠች። ግንቦት፣ «ተፈትኗል፣ ደህና»። ሰኔ፣ «ተፈትኗል፣ ደህና»። ሐምሌ። ነሐሴ። ሌላ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እሷ ቀጣዩን ገጽ ገለጠች፤ ከዚያም እጇ ቆመ።

«መምህር» አለችኝ፣ «ዓይኔ ነው? ይህን አንብብልኝ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩት። «መስከረም 2፣ ተፈትኗል፣ ደህና። ጥቅምት 7፣ ተፈትኗል፣ ደህና። ኅዳር 5፣ ተፈትኗል፣ ደህና።» በእያንዳንዱ መስመር ትይዩ የበሪሁን ፊርማ አለ። ከግርጌ «አይቼዋለሁ» የሚል ቃልና የአቶ ዮፍታሔ ፊርማ፣ ከነክብ ማኅተሙ።

አዲሱ ዓመት ገና አልገባም። እዚያ መዝገብ ውስጥ ግን ገብቷል፣ ተፈትኗል፣ ደህና ሆኖ ወጥቷል።

ከዚያ አቶ ዮፍታሔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ለሥራ ቅልጥፍና ነው። ቅድመ ዝግጅት ነው። ከተያዘው ጉዳይ ጋር አይገናኝም።»

ዱርሲቱ ከጥጉ ተነሣች። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅዋን ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ኅዳርም ደህና ነው?» አለች።

«እኅቴ፣ ይቀመጡ...»

«እኅትህ አይደለሁም። ኅዳርም ደህና ነው ወይ?» ወደ በሪሁን ዞረች። «እንግዲያው ማሎ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ወንዲንም ጻፍልኝ። ከሳይረኑ ሥር። ኅዳር 5፣ ወንዲ፣ ደህና። እናንተ ከጻፋችሁት ይሆናል አይደል? ጻፍልኝ!»

በሪሁን እስክሪብቶውን ጣለው። አቶ ዮፍታሔ ተነሥተው መዝገቡን ከራቢአ እጅ መነጨቁ፤ ዘግተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «መዝገቡ ተስተካክሎ ይቀርባል። ወይዘሮ ራቢአ፣ እርስዎ ጳጉሜን 5 መጥተው ይፈርማሉ። ስብሰባው አብቅቷል።»

ኮሪደሩ ላይ በሪሁን ሮጦ ደረሰብን። ዓይኑ ቀልቷል። «እትዬ ራቢአ፣ ይስሙኝ። ግንቦት ላይ ‹ባትሪ የለውም› ብዬ ጽፌ ነበር። አቶ ዮፍታሔ ወረቀቱን መለሱልኝ። ‹የተበላሸ ካለ ሪፖርታችን መቶ በመቶ አይሆንም፣ ቀድደህ እንደገና ጻፍ› አሉኝ። ጻፍኩ። ከዚያ በየወሩ ከምዋረድ አንዴ ልገላገል ብዬ እስከ ኅዳር ጨረስኩት።»

«ይህን እዚያ ውስጥ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«እናት አለችኝ መምህር።»

«ወንዲስ እናት አልነበረውም?»

ራቢአ እጄን ያዘችኝ። «ተወው። ልጅ ነው። ደፍሮ ከተናገረ ይናገራል፣ ካልደፈረ አላህ ያየዋል። እኔ የምፈልገው እሱን አይደለም።»

ባጃጅ ውስጥ ሦስታችን ተጣበን ተቀመጥን። ዱርሲቱ መሐል ነበረች። ግማሽ መንገድ ላይ ዱርሲቱ ፊቷን ሳታዞር «ሳህንሽ እኔ ጋ ነው» አለች።

«ይቀመጥ» አለች ራቢአ።

«ሳፋውን ስትደበድቢ ሰምቼሻለሁ። ላይ እናቴ ቤት ነበርኩ። እዚያ ድረስ ይሰማ ነበር። ሰምቼ እየሮጥኩ ነው የወረድኩት። እያወቅኩ ነው ፊቴን ያዞርኩብሽ።»

ራቢአ የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ ያዘች። ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ዛሬ ቤት ስንገባ ጻፍልኝ። ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ሁለት ጊዜ ዝም ብያለሁ በል። የዝምታዬን እፈርማለሁ፤ ሰው ፊት፣ ሜዳው ላይ፣ ስሜን አስጠርቼ እፈርማለሁ። የእነሱን ግን አልሸከምም። ሱቁ እንደታሸገ ይሻግት።»

«እኔም አጠገቧ እቆማለሁ» አለች ዱርሲቱ። «ልጆቼን ይዤ።»

ጻፍኩላት። አንድ ገጽ አልሞላም። ዛሬ ጠዋት በሱቁ የታሸገ በር ላይ፣ በሚኒባስ መያዣው፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ለጥፈነዋል። እስካሁን ሁለቴ ተቀድዶ ሦስቴ ተለጥፏል። ቀዳጁ ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ወረቀትም አናጣም።

እንግዲህ አቶ ዮፍታሔ፣ ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ራቢአ ቢሮዎ አትመጣም። ከወንዙ በላይ ባለው ሜዳ፣ ዱርሲቱን ከጎኗ አቁማ፣ የራሷን ጥፋት በራሷ አፍ ትናገራለች። እርስዎም ይምጡ። መኪናዎን መንገድ ዳር አቁመው በእግርዎ ይውረዱ። መዝገቡን ሳያስተካክሉ፣ ገጽ ሳይቀድዱ፣ እንዳየነው ይዘውት ይምጡ። በስልክ አንፈልግም፣ በደብዳቤ አንፈልግም፣ በበሪሁን አፍ አንፈልግም። ባትሪው የት ነው? ይመለስ ሲባል አይመለስ ያለው ማን ነው? ያልመጣውን ኅዳር አይቼዋለሁ ብለው የፈረሙት በየትኛው ዓይንዎ ነው? ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ ይመልሱ!